የኮመዲኖው መሳቢያ እየያዘ አስቸገረ፤ ልላገው ወይስ ልጠብቅ?

ዋንዛ_ቤት · ነሐሴ 6

ጤና ይስጥልኝ። ባለ 5 መሳቢያ የእንጨት ኮመዲኖ ነው፣ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። አካሉና የመሳቢያዎቹ ፊት ዋንዛ፣ የመሳቢያዎቹ ጎንና ጀርባ ጽድ፣ ወለላቸው ባለ 4 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ። የብረት ሐዲድ የለውም፤ እንጨት በእንጨት ላይ ነው የሚንሸራተተው። የመሳቢያው ስፋት 82 ሳ.ሜ፣ ጥልቀቱ 43 ሳ.ሜ ነው። የላይኞቹ ሁለቱ ቁመታቸው 14 ሳ.ሜ፣ የታችኞቹ ሦስቱ 19 ሳ.ሜ።

1ኛውና 2ኛው ደህና ናቸው። 3ኛው እስከ ግማሽ ይመጣና በአንድ ጎኑ ይነክሳል፣ መልሼ ገፍቼ ካላስተካከልኩት አይወጣም። 4ኛው ከሐምሌ ጀምሮ ጭራሽ አልከፈት ብሏል። 5ኛው ይከፈታል፣ ግን ፊቱ ከታች እየፋቀ ነው፤ ከሥሩ ያለው አግዳሚ ላይ ቡናማ ዱቄት ይጠራቀማል። ሳሙና ቀብቼው ለሳምንት ያህል ለስልሶ ነበር፣ አሁን ከበፊቱ ብሷል። አናጢ ጠይቄ «ሦስቱንም ላግ ላግ ላድርግልሽ» አለኝ። ላስላገው?

መሮና_መዶሻ · ነሐሴ 6

እህቴ፣ መላጊያው ለጊዜው ይቆይ። የተላገ እንጨት ተመልሶ አይመጣም፤ የአንቺ ሦስት መሳቢያዎች ደግሞ ከገለጽሽው እንደምረዳው የተለያየ በሽታ ነው ያለባቸው። በአንድ መድኃኒት አይድኑም።

መጀመሪያ እንጨት ወዴት እንደሚያብጥ ይታወቅ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ የሚሰፋው ክሩን (በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደውን መስመር) በሚያቋርጠው አቅጣጫ ብቻ ነው፤ በርዝመቱ የሚጨምረው ከምንም አይቆጠርም። የመሳቢያሽ ፊት ክሩ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ 82ቱ ሳንቲም በክረምትም በበጋም 82 ነው። 19ኙ ሳንቲም ቁመት ግን ያድጋል። ለብዙ እንጨት በግምት በእያንዳንዱ 1% የእርጥበት ለውጥ ከ0.2 እስከ 0.3% ይሰፋል። ክፍል ውስጥ ያለ እንጨት በደረቁ ወራት 10% አካባቢ ቆይቶ በክረምት 14% ቢደርስ፣ 19 ሳ.ሜ ቁመት ያለው መሳቢያ ከ1.5 እስከ 2.3 ሚ.ሜ ይጨምራል ማለት ነው። 14 ሳ.ሜ ያለው ከ1.1 እስከ 1.7 ብቻ። የላይኞቹ ሁለቱ ለምን ደህና እንደሆኑ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የኮመዲኖው ጎን ደግሞ ክሩ ወደ ላይ የቆመ ነው፣ ስለዚህ መሳቢያው የሚገባበት ክፍተት ቁመቱ አይለወጥም። መሳቢያው ያድጋል፣ በሩ አያድግም።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይወጣል። መሳቢያ *ከላይ* ከተያዘ ክረምት ነው። *ግራና ቀኝ* ከተያዘ ግን ክረምቱን አትውቀሺ፤ ወይ ማዕዘኑ ተዛብቷል፣ ወይ ማያያዣው ተላቋል፣ ወይ ኮመዲኖው ራሱ ቆልመም ብሎ ቆሟል። *ከታች* ከፋቀ ተበልቷል ወይም ወለሉ ረግቧል።

አሁን አንድም እንጨት ሳትነኪ የምትለኪው፦ ኮመዲኖው ላይ ውኃ ልክ አድርጊ፣ በርዝመቱም በጎኑም። ወለሉ ዘንበል ካለ ኮመዲኖው ይጣመማል፣ ያኔ ትክክለኛ መሳቢያ እንኳ ይነክሳል። አንዱ እግር ሥር ባለ 3 ሚ.ሜ ሽብልቅ ገብቶ ሦስት መሳቢያ የሚፈታበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ 3ኛውን አውጥተሽ ከማዕዘን ማዕዘን በሜትር ለኪው፣ ሁለቱንም ሰያፍ። ልዩነቱ ከ2 ሚ.ሜ ከበለጠ መሳቢያው ማዕዘኑን አጥቷል። የሚገባበትን ክፍተትም እንዲሁ። 5ኛውን ገልብጠሽ የጎኖቹን የታች ጠርዝ እዪው፤ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አስጠግተሽ ብርሃን የሚያሳልፍበትን ቦታ ለኪ።

የሚያሻሸው የት እንደሆነ ለማወቅ የመሳቢያውን ጠርዞች በሙሉ ጠመኔ ቀቢና አንድ ጊዜ አስገብተሽ አውጪው። ጠመኔው የተፋቀበት ቦታ ነው ጥፋተኛው። ከቆየ ግጭት ደግሞ እንጨቱ ያብለጨልጫል፣ እንደተወለወለ ዓይነት፤ በጥፍርሽ ስትዳስሺው ልሙጥ ነው።

ጉለሌ_ወርክሾፕ · ነሐሴ 7

መሮና_መዶሻ በደንብ አስረድቷል። ስለ 4ኛው ልጨምር፣ አከፋፈቱን ካላወቁበት የሚሰበረው እሱ ነው።

ልጄ፣ እጀታውን ይዘሽ አትጎትቺ። ስትጎትቺ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው ፊቱና ጎኑ በተያያዙበት ላይ ነው፣ ፊቱ ተነቅሎ ሣጥኑ ውስጥ ይቀራል። ካቻቢቴም በስንጥቁ አታስገቢ፣ የዋንዛው ጠርዝ ይሰባበራል፤ ያ ቁስል በቀለም አይደበቅም። 3ኛውን መሳቢያ አውጪው። በመካከላቸው የሚከለክል ጣውላ ከሌለ እጅሽን አስገብተሽ ከ4ኛው ውስጥ ዕቃውን አራግፊ። ብዙ ጊዜ መሳቢያ የሚይዘው ከላይ የተወታተፈ ልብስ ወይም ወደ ኋላ የወደቀ ነገር ነው። ቁልፍ ካለው ምላሱ በግማሽ ወጥቶ እንዳልቀረም እዪ።

ያ ካልሆነ ኮመዲኖውን ከግድግዳ አውጥተሽ የጀርባውን ኮምፔንሳቶ ከታች በኩል ምስማሩን ንቀይ። ከዚያ 4 በ4 ሳ.ሜ የሆነ ቁራጭ እንጨት የመሳቢያው ጀርባ ላይ ደግፈሽ፣ ከጎኖቹ አጠገብ፣ ተራ በተራ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ በመዶሻ ቀስ ብለሽ መቺ። መሃሉን አትምቺ፤ የጀርባው ጣውላ ቀጭን ስለሆነ ይሰነጠቃል። ከ5 ሚ.ሜ በላይ በአንድ ጎን ብቻ አይሂድ። ከፊት ሰው ይጠብቅሽ።

አልነቃነቅ ካለ በፀጉር ማድረቂያ፣ በዝቅተኛው ሙቀት፣ 20 ሳ.ሜ ራቅ አድርገሽ በጀርባው በኩል ለግማሽ ሰዓት ያህል እያቋረጥሽ ንፊበት። አንዳንድ ሰው አምፖል አብርቶ ውስጥ ያሳድራል፤ ልብስ ባለበት እሳት ነው፣ አይደረግም።

ዋንዛ_ቤት · ነሐሴ 9

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ እንዳሉት ከጀርባ ወጣ። መሮና_መዶሻ፣ ልኬቱ ይኸው፦

ኮመዲኖው በቀኝ በኩል ከፊት 4 ሚ.ሜ ዝቅ ብሎ ነበር፣ አስተካክዬዋለሁ። 3ኛው መሳቢያ ሰያፉ የ6 ሚ.ሜ ልዩነት አለው፣ የኋላ ግራው ማያያዣ በእጅ ሲነቃነቅ ይከፈታል። 4ኛው ማዕዘኑ ደህና ነው (የ1 ሚ.ሜ ልዩነት)፣ ጠመኔው ከላይ ጠርዙ ላይ ከጫፍ ጫፍ ተፍቋል፣ ኋላ ላይ ይብሳል። የኮመዲኖው ጀርባ እዚያው አካባቢ ጠቆር ብሎ ቀዝቀዝ ይላል። 5ኛው የጎኖቹ የታች ጠርዝ ከኋላ በኩል 4 ሚ.ሜ ተበልቷል፣ የሚሄድበት እንጨትም ከፊት በኩል ጎድጉዷል። ወለሉም መሃሉ ላይ ወደ ታች ረግቧል።

መሮና_መዶሻ · ነሐሴ 9

ይኸውልሽ፣ ሦስት በሽታ። ከሦስቱ ሁለቱ መላጊያ ቢነካቸው ይባስ ይበላሹ ነበር። ከ3ኛው እንጀምር።

3ኛው፣ የተላቀቀው። ይህን መሳቢያ ጎኑን ብትልጊው ክፍተቱ ይሰፋል። መሳቢያ ደግሞ ከጎኑ ክፍተት ሲበዛበት ይብስ ይነክሳል እንጂ አይፈታም፣ ምክንያቱም ዞር ለማለት ቦታ ያገኛል። በተለይ እንደ አንቺ ስፋቱ ከጥልቀቱ እጥፍ ሊሆን ለቀረበ መሳቢያ ከሁለቱም ጎን በድምሩ 1.5 ሚ.ሜ ይበቃዋል። ሥራው እንዲህ ነው፦

ወለሉን መጀመሪያ አውጪ። ከጀርባው ሥር ሁለት ሦስት ምስማር ነው የያዘው፤ ነቅለሽ ወደ ኋላ በቦዩ ሳቢው። የተላቀቀውን ማዕዘን በጎማ መዶሻ፣ ከሌለ በመዶሻና በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት፣ ሙሉ ለሙሉ አላቂው። ግማሹ እንደያዘ ኮላ ማንጠባጠብ ከንቱ ነው፣ አይገባም። የድሮውን ኮላ ፍቀሽ አውጪ። የድሮው ቡናማና ተሰባሪ ከሆነ ከቆዳ ወይም ከአጥንት የተሠራ ነው፤ በሙቅ ውኃ የራሰ ጨርቅ 10 ደቂቃ ቢያርፍበት ይለሰልሳል። ነጩ የእንጨት ኮላ ከሆነ በመሮ ጠርዝ ይፋቃል። ነጭ ኮላ በደረቀ ነጭ ኮላ ላይ አይጣበቅም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ጥገናው በወሩ የሚፈታው ለዚህ ነው። ስትፍቂ ግን እንጨቱን አትቀንሺ፣ ማያያዣው ይላላል።

ኮላውን በሁለቱም ፊት በስሱ ቀቢ፣ ግጠሚ፣ በሞርሳ አጥብቂ። ሞርሳ ከሌለሽ ሲባጎ ወይም ገመድ ሁለት ዙር ጠቅልለሽ በመሃሉ እንጨት አስገብተሽ አዙሪው፤ ማዕዘኖቹ ላይ ካርቶን አድርጊ። ወዲያው ሰያፉን ለኪ። ረዥሙ ሰያፍ ላይ ገፋ ገፋ እያደረግሽ እኩል እስኪሆን አስተካክዪ። ኮላው መያዝ ሳይጀምር 10 ደቂቃ ያህል ነው ያለሽ። ከዚያ ለ24 ሰዓት አይነካ፣ በዚህ ብርድ 24ቱን አታሳጥሪ። ወለሉን መልሰሽ ስታስገቢ እሱ ራሱ ማዕዘኑን ይይዝልሻል። ወለሉ ውስጥ ኮላ አታድርጊ።

ሌላው ነገር እጀታው ነው። ሁለት እጀታ ያለውን ሰፊ መሳቢያ በአንዱ ብቻ መጎተት ማያያዣውን የሚያላቅቀው ዋናው ምክንያት ነው። በሁለት እጅ ይሳብ።

5ኛው፣ የተበላው። መሳቢያ ሲከፈት ክብደቱ የሚያርፈው በጎኖቹ የኋላ ጫፍና በመሄጃው፣ ማለትም መሳቢያው በሚሄድበት እንጨት፣ የፊት ክፍል ላይ ነው፤ ስለዚህ ጎኑ ከኋላ፣ መሄጃው ከፊት ይበላል። ያገኘሽው ልክ ይኸው ነው። መሳቢያው ወደ ታች ስለወረደ ፊቱ አግዳሚውን ይፍቃል። ያ ቡናማ ዱቄት የፊቱ ዋንዛ ነው፣ በየቀኑ እያለቀ። ፊቱን ከታች መላግ ማለት ጫማ ጠበበኝ ብሎ ጣት እንደመቁረጥ ነው።

ጎኑን እንዲህ ሙላ፦ ካልተበላው የፊት ጫፍ ጀምረሽ ከታች ጠርዙ 5 ሚ.ሜ ከፍ ያለ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ አስምሪ፤ እስከዚያ ድረስ ላጊ። የመላጊያ ቦታው ይህ ነው። ግን ከመጀመርሽ በፊት ወለሉ የሚገባበት ቦይ ከታች ጠርዙ ስንት ሚ.ሜ ላይ እንዳለ ለኪ። 10 ከሆነ 5 ብትቀንሺ 5 ይቀርሻል፣ ይበቃል። ቦዩ 7 ላይ ከሆነ ግን ከንፈሩ ይሰበራል፤ እንዲያ ከሆነ የተበላውን ክፍል ብቻ በሰያፍ ቆርጠሽ ሙላ። ከዚያ 7 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት፣ ወይራ ቢገኝ ሸጋ ነው፣ ክሩ በመሳቢያው ርዝመት የሚሄድ፣ በኮላ ለጥፊ። ወይራ ቅባት ስላለው ከመለጠፍሽ በፊት በአልኮል ጥረጊውና ወዲያው ለጥፊ። ምስማር አይመታበት! እያደር እንጨቱ ሲበላ የምስማሩ ራስ ይወጣና መሄጃውን እንደ ቢላ ያርሰዋል። ከደረቀ በኋላ ትርፉን 2 ሚ.ሜ ልገሽ ከፊቱ ጫፍ ጋር እኩል አድርጊ።

መሄጃው በብሎን የታሰረና አራት ማዕዘን ከሆነ ዕድለኛ ነሽ፦ ፍቺና ገልብጠሽ ያልተበላውን ፊት ወደ ላይ አድርጊ። በኮላ ከተለጠፈ ግን በመሮ ፈልፍሎ አውጥቶ አዲስ 20 በ25 ሚ.ሜ ማስገባት ነው። አዲሱን ከአካሉ ጋር ሙሉ ለሙሉ በኮላ አትለጥፊ። የኮመዲኖው ጎን ከፊት ወደ ኋላ ይሰፋል ይጠባል፣ መሄጃው ግን በርዝመቱ አይንቀሳቀስም፤ ሁለቱን ካጣበቅሻቸው ጎኑ ይሰነጠቃል። ኮላ የፊተኛው 5 ሳ.ሜ ላይ ብቻ፣ ከፊት አንድ ባለ 4 በ35 ሚ.ሜ ብሎን በክብ ቀዳዳ፣ ከኋላ አንድ ብሎን 10 ሚ.ሜ በረዘመ ሞላላ ቀዳዳ። ራሶቹ 3 ሚ.ሜ ይጥለቁ።

የረገበው ወለል ቀላል ነው፤ አውጥተሽ ገልብጪው፣ ጉብታው ወደ ላይ ይሁን፣ ዕቃው ራሱ ያስተካክለዋል። 82 ሳንቲም ስፋት ላይ ባለ 4 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ በዕውነቱ ቀጭን ነው። ቦዩ ከቻለ ወደ 6 ቀይሪው፣ ካልቻለ ከሥሩ መሃል ላይ ከፊት ወደ ኋላ ጠፍጣፋ እንጨት በኮላ ጨምሪ። ውፍረቱ ከጎኖቹ የታች ጠርዝ እንዳያልፍ አደራ፣ አለዚያ እሱ ይፍቃል።

4ኛው፣ ያበጠው። ይህን ብቻ ነው ክረምቱ የያዘው። እኔ አሁን አትንኪው ነው የምለው። እስከ ጥቅምት መጨረሻ አውጥተሽ ደረቅ ክፍል ውስጥ አቁሚው፣ ኮመዲኖውንም ከዚያ ከጠቆረው ግድግዳ 5 ሳ.ሜ አርቂው። ኅዳር ላይ ለክተሽ ያኔ እንወስን።

ጉለሌ_ወርክሾፕ · ነሐሴ 10

በሁሉም ተስማምቼ በ4ኛው ላይ ግን እለያለሁ፣ ወንድሜ።

ባበጠበት ጊዜ ማስተካከል ትክክለኛው ልክ ነው። በደረቁ ወር ስትልግ ክረምት ላይ ምን ያህል እንደሚጨምር ገምተህ ነው። 2 ሚ.ሜ ትተዋለህ፣ በሐምሌ 2 ተኩል ይሆንና እንደገና ይያዛል። ነሐሴ ላይ ግን እንጨቱ ጣሪያው ላይ ደርሷል፤ 0.5 ሚ.ሜ ብቻ ክፍተት ከተውክለት ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል። በበጋ ከላዩ 2 ሚ.ሜ ክፍተት ይታያል፣ ይታይ። በእጅ የተሠራ መሳቢያ እንዲያ ነው።

መሮና_መዶሻ · ነሐሴ 10

ጋሼ፣ እርጥበቱ የክረምት አየር ብቻ ቢሆን እርስዎ ልክ ነዎት፣ እኔም ያንኑ እል ነበር። እዚህ ግን የኮመዲኖው ጀርባ ጠቁሯል፣ ግድግዳው ውኃ እየመጠጠ ነው። ጠመኔውም ከኋላ ነው የበለጠ የተፋቀው፤ አየር ብቻ ቢሆን ከፊትም ከኋላም እኩል ያብጥ ነበር። አሁን ያለው እብጠት ከልኩ በላይ ነው፣ በእሱ ልክ ከተላገ በየዓመቱ የማያስፈልግ ክፍተት ይኖረዋል።

ጉለሌ_ወርክሾፕ · ነሐሴ 10

የግድግዳውን ነገር ልብ አላልኩትም። እንዲያ ከሆነ ልክ ነህ፣ ግድግዳው ይቅደም። ልጄ፣ ከግድግዳው አርቂውና ሦስት ሳምንት ስጪው። መስከረም ላይ ዝናቡ ጨርሶ ሳያባራ አሁንም ከላይ ከያዘ፣ ያኔ የአየሩ እብጠት ብቻ ነው የቀረው፣ ያንን ላጊ።

ስትልጊ ደግሞ እንዲህ፦ የጎኖቹንና የጀርባውን የላይ ጠርዝ አስቀድሚ፣ የፊቱን በመጨረሻ። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጎኑ ነው፣ የፊቱ መስመር ሳይነካ ይቀራል። መላጊያውን ስለሽ፣ ልጣጩ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ምላጩን አሳጥረሽ ያዥው። ከጫፍ ወደ መሃል ላጊ፤ ወደ ውጭ ከወጣሽ ማዕዘኑ ላይ ያለው የማያያዣ ጥርስ ይገነጠላል። በሁለት በሦስት ምት መሳቢያውን አስገብተሽ ሞክሪ። መላጊያ ከሌለ ባለ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀጥ ያለ ቁራጭ እንጨት ላይ ጠቅልለሽ፣ በመጨረሻ በ180። በባዶ እጅ ወረቀት አትፈግፍጊ፣ ጠርዙ ይጎብጣል።

አያት_ኮንዶ · ነሐሴ 12

የእኔ ቺፕውድ ነው፣ የብረት ሐዲድ ያለው። ይኸው ሁሉ ይሠራልኛል?

መሮና_መዶሻ · ነሐሴ 12

አይሠራም፣ ሌላ ዓለም ነው። ቺፕውድ ውኃ ነክቶት ካበጠ ሲደርቅ አይመለስም፤ ያበጠው ሰሌዳ መቀየር አለበት። ሐዲዱ ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው በልኬት ነው። ተራው ባለ ኩሽኔታ ሐዲድ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚ.ሜ ቦታ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የመሳቢያው ሣጥን ከክፍተቱ 26 ሚ.ሜ ያህል ይጠባል። ከፊት 26፣ ከኋላ 24 ከሆነ ሲገፋ መጨረሻው ላይ ጠብቆ ይያዛል። ከ28 በላይ ሲሆን ደግሞ ሐዲዱ ይለያይና ኩሽኔታዎቹ ይረግፋሉ፤ ያኔ ከሐዲዱ ጀርባ ቀጭን ካርቶን ወይም የፎርማይካ ቁራጭ አስገብተህ ሙላው። የብሎኑን ራስ እይ፣ ጠፍጣፋ ካልሆነ ኩሽኔታውን ይመታዋል። ባለ 3.5 በ16 ነው የሚሆነው። ቀዳዳው ከላላ በ8 ሚ.ሜ መብሻ በስተህ ክብ እንጨት በኮላ ሙላ፣ ሲደርቅ እንደገና ብሳው። የቆሸሸውን ቅባት ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጥረግ፣ ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ጠብታ። ብዙ አታድርግ፣ አቧራ ይሰበስባል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ነሐሴ 13

ከአገር ውጭ ላላችሁ፣ የእርጥበቱ ወራት ያው ቢሆኑም የወቅቱ ስም ይገለበጥባችኋል። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ሐምሌና ነሐሴ ወበቅ ነው፣ በብርዱ ወራት ደግሞ ማሞቂያው ቤቱን ያደርቀዋል፤ የክፍሉ እርጥበት ከ30% በታች ሊወርድ፣ በወበቁ ጊዜ ከ60% ሊያልፍ ይችላል። እንጨቱ ከ6% ወደ 11% ይመላለሳል ማለት ነው፣ አዲስ አበባ ካለው የሚበልጥ እንቅስቃሴ። ከአገር ቤት የመጣ የዋንዛ ዕቃ እዚህ ሲደርስ በመጀመሪያው የማሞቂያ ወቅት ማያያዣው ይላላል። እርጥበት መምጠጫ ማሽን ካላችሁ በወበቁ ጊዜ 50% ላይ ያዙት፣ ኮመዲኖውን ከማሞቂያው አፍ አርቁት።

ዋንዛ_ቤት · ነሐሴ 13

በጣም አመሰግናለሁ። ሳሙናው ግን ለምን አባሰው? በምትኩ ምን ልቀባ?

መሮና_መዶሻ · ነሐሴ 13

ሳሙና ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ለስልሶ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል። በለብ ያለ ውኃ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጊው፣ ይድረቅ፣ በ180 ወረቀት ቀለል አድርገሽ ፈግፍጊ። የምግብ ዘይትም ሆነ የመኪና ዘይት አይነካው፣ ልብስሽ ውስጥ ይገባል፣ እያደርም እንደ ሙጫ ይሆናል።

የሚሆነው ሻማ ነው፣ ነጩ ተራ ሻማ። የጎኖቹ የታች ጠርዝ፣ የመሄጃው ፊት፣ የጎኖቹ የላይ ጠርዝ፣ እነዚህ ላይ እየተጫንሽ አሻሺው፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ፈትጊው እስኪያበራ። ጧፍ ያላችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ ግን ንጹሕ የንብ ሰም ትንሽ ይይዛል፤ ከሻማው ያነሰ ነው የሚያንሸራትተው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከሰኔ በፊት፣ ይበቃል።

ቫርኒሽ የሚሄድበት ጠርዝ ላይ በፍጹም አይቀባ፤ ቫርኒሽ ከቫርኒሽ ሲገናኝ ይጣበቃል። የፊቱን የጀርባ ገጽ ግን በደረቁ ወር ብትቀቢው እርጥበቱን ያዘገየዋል። ውጭው ተቀብቶ ውስጡ ባዶ የሆነ ፊት በአንድ በኩል ብቻ ስለሚጠጣ ይጎብጣል። ለውስጡ የዘይት ቫርኒሽ ሽታው ተዘግቶ ይቀራልና በአልኮል የሚሟሟውን ሼላክ ሁለት እጅ።

ዋንዛ_ቤት · ኅዳር 11

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። 3ኛው ተለጥፎ ሰያፉ እኩል ሆኗል፣ በአንድ ጣት ይገባል። 5ኛው ወይራ ገብቶለት አይፍቅም። 4ኛው ከግድግዳው ከራቀ በኋላ መስከረም 25 ላይ የቀረው መፋቅ ትንሽ ነበር፣ ጋሼ እንዳሉት የጎኖቹን ላይ ብቻ ከ1 ሚ.ሜ ያነሰ ተላገ፣ ፊቱ አልተነካም። አሁን ከላዩ 1.5 ሚ.ሜ ክፍተት አለው።

አንድ አዲስ ነገር ግን አለ። አምስቱም ሲዘጉ ፊታቸው ከአካሉ 3 ሚ.ሜ ወደ ውጭ ብቅ ይላል። በክረምት እኩል ነበር። ምንም አልነካሁም።

ጉለሌ_ወርክሾፕ · ኅዳር 11

ምንም አላጠፋሽም፣ ልጄ። የኮመዲኖው ጎን ሲደርቅ ከፊት ወደ ኋላ ጠቧል፣ 45 ሳ.ሜ ያህል ጥልቀት ላይ 3 ሚ.ሜ የሚጠበቅ ነው። መሳቢያው ግን በዚያ አቅጣጫ ክሩ ነው፣ አላጠረም። አሁን ፊቱ ከአካሉ ጋር እኩል ከመሆኑ በፊት የኮመዲኖውን ጀርባ እየነካ ነው የሚቆመው። እንዲያ እያለ በኃይል ብትዘጊው የጀርባው ኮምፔንሳቶ ምስማሩን ይነቅላል።

ማቆሚያውን ከኋላ ወደ ፊት ማምጣት ነው። 5 ሚ.ሜ ውፍረት፣ 3 በ4 ሳ.ሜ የሆነ ቁራጭ እንጨት ለእያንዳንዱ መሳቢያ ሁለት ሁለት፤ አግዳሚው ላይ፣ ከፊቱ ጠርዝ የመሳቢያውን ፊት ውፍረት ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይለጠፋል። የመሳቢያው ፊት ጀርባ እሱን ሲነካ ይቆማል። ከመለጠፍሽ በፊት ወለሉ በላዩ እንዲያልፍ ከሥሩ ያለውን ክፍተት ለኪ፤ 5ኛው ላይ የጨመርሽው ጠፍጣፋ እንጨት እንዳይመታው ሁለቱን ወደ ጎኖቹ አስጠጊ። በመሳቢያው ጀርባና በኮመዲኖው ጀርባ መካከል ደግሞ ቢያንስ 5 ሚ.ሜ ባዶ ይቅር። ከሌለ የጎኖቹን የኋላ ጫፍ፣ ከጀርባው ጣውላ አልፎ የወጣ ትርፍ ካለ፣ በመጋዝ ያንን 5 እና አሁን ብቅ ያለውን 3 ሚ.ሜ ያህል ቁረጪ።

ዋንዛ_ቤት · ኅዳር 12

ትርፉ 12 ሚ.ሜ ነው። 8 ቆርጫለሁ፣ ማቆሚያዎቹ ኮላቸው እየደረቀ ነው።